ነፍዒ፦ በውዳሴው የከበረ፣ በስላቁ የሞተ የኦቶማን ባለቅኔ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በኢስታንቡል ቤተ መንግሥት ዙሪያ ከተሰባሰቡት ባለቅኔዎች መካከል ሱልጣኖችን በማወደስ ነፍዒን የሚስተካከል አልነበረም። ሹማምንትን በመዝለፍም የሚደርስበት አልተገኘም። ሁለቱን ተቃራኒ ጥበቦች በአንድ ብዕር ይዞ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ኖረ። ውዳሴው እንጀራና ማዕረግ አስገኘለት፤ ስላቁ ደጋግሞ ከሥራው አፈናቀለው፤ በመጨረሻም ሕይወቱን አስከፈለው። ለሞቱ ፈቃድ የሰጠውም ግጥሞቹን ከማንም አብልጦ ይወድ የነበረው ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ነው።

የትውልድ ስሙ ዑመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1572 አካባቢ በምሥራቅ አናቶሊያ፣ ከኤርዙሩም ከተማ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሐሰንቃሌ ተወለደ። ይህች ከተማ ዛሬ ፓሲንለር ትባላለች፤ በፍል ውኃዋና ከፍታ ላይ በቆመው አሮጌ ምሽጓ ትታወቃለች። አካባቢው ብርዱ የሚበረታበት ደጋ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ኦቶማኖችና የፋርስ ሳፋቪዶች የሚፋጠጡበት የድንበር ቀጠና ነበር። ወደ ተብሪዝ የሚያቀናው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድም በዚያው ያልፋል። ቱርክኛ የቤትና የገበያ ቋንቋ፣ ዐረብኛ የሃይማኖትና የዕውቀት ቋንቋ፣ ፋርስኛ ደግሞ የሥነ ግጥም ቋንቋ ሆነው ጎን ለጎን በሚኖሩበት በዚህ ዓለም ወጣቱ ዑመር ሦስቱንም ተማረ። ፋርስኛውን ምን ያህል እንደተካነ ለማወቅ ከቱርክኛው መድበሉ ሌላ በፋርስኛ የተጻፈ ሙሉ ዲዋን ትቶ ማለፉ በቂ ማስረጃ ነው።

አባቱ መሕመድ ቤይ ከአካባቢው መኳንንት ወገን ነበር። ይሁን እንጂ ቤተሰቡን ጥሎ ወደ ክራይሚያው ኻን አደባባይ ሄደ፤ በዚያም የኻኑ የማዕድ ባልደረባ ሆኖ ይኖር ጀመር። አባት በጌታ ግብዣ ላይ ሲቀመጥ ልጆች በችግር መቅረታቸው በወጣቱ ልብ ውስጥ ቂም ጣለ። ይህ ቂም ሳይሽር ቆየና ከብዙ ዓመታት በኋላ የስላቅ ግጥሞቹ ሲሰበሰቡ የመጀመሪያው ዒላማ የገዛ አባቱ ሆኖ ተገኘ። ወላጅን ማክበር ታላቅ ግዴታ በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ የሚያስደነግጥ ድፍረት ነበር። ያም ሆኖ የግጥሙ ኃይል ከስድቡ ይልቅ ከሥሩ ካለው የተተወ ልጅ ሐዘን የሚመነጭ መሆኑን ማንም አንባቢ ይረዳዋል።

በዘመኑ ሥርዓት መሠረት ባለቅኔ ሁሉ ማኽለስ የሚባል የብዕር ስም ይኖረዋል፤ ስሙንም በግጥሙ መጨረሻ አካባቢ እንደ ማኅተም ያኖረዋል። ዑመር መጀመሪያ የመረጠው ስም ዳሪ የሚል ነበር። ዐረብኛ የሚያውቅ አንባቢ ቃሉ ጉዳት ከሚለው ደረር እንደሚወጣ ወዲያው ይገነዘባል፤ ስሙ ጎጂው እንደ ማለት ነው። የታሪክ ጸሐፊውና ባለቅኔው የጋሊፖሊው ሙስጠፋ ዓሊ በኤርዙሩም የገንዘብ ሹም ሆኖ ሲያገለግል ከወጣቱ ጋር ተዋወቀ፤ ችሎታውንም አደነቀ። ስሙን ግን አልወደደውም። ጎጂውን ወደ ጠቃሚው ለውጦ፣ ጥቅም ከሚለው ነፍዕ አውጥቶ ነፍዒ አለው። የኋላ ኋላ ወዳጆቹ በአዲሱ ስም፣ ጠላቶቹ ደግሞ በአሮጌው ሊያስታውሱት የሚችሉበት በቂ ምክንያት ተፈጠረ። ውዳሴው ለጠቃሚው፣ ስላቁ ለጎጂው ስም ይስማማልና።

ነፍዒ ወደ ኢስታንቡል የገባው በሱልጣን አሕመድ ቀዳማዊ ዘመነ መንግሥት ነው፤ ሱልጣኑ ከ1603 እስከ 1617 ነግሷል። ባለቅኔነት ብቻውን መተዳደሪያ አይሆንምና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሥራ ያዘ። ከማዕድን የሚገኘውን ገቢ በሚቆጣጠረው ክፍል አገለገለ፤ በኋላም ጂዝያ የተባለውን ግብር ሒሳብ ይዞ ሠርቷል። ቀን የግብር መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ማታ ለሱልጣኑ የውዳሴ ግጥም ማዘጋጀቱ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። የኦቶማን ባለቅኔዎች አብዛኞቹ ዳኛ፣ መምህር ወይም ጸሐፊ ነበሩ። የሹመታቸው ዕድገትም ሆነ መውደቅ በጥቂቱም ቢሆን ከብዕራቸው ጋር የተያያዘ ነበር።

ነፍዒ ስሙን የተከለበት የግጥም ዓይነት ቀሲዳ ነው። ቀሲዳ ከዐረቦች ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ቱርክ የተሻገረ ረጅም የውዳሴ ግጥም ሲሆን ቤቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ዜማ ይመታል። የራሱ ሥርዓት አለው። ባለቅኔው በቀጥታ ወደ ውዳሴ አይገባም። መጀመሪያ የጸደይን ውበት፣ የበዓልን ደስታ፣ ፈረስን ወይም አዲስ የተሠራ ሕንፃን ይገልጻል። ከዚያ በረቀቀ መሸጋገሪያ ወደ ጌታው ይዞራል፤ ያሞግሰዋል። ቀጥሎ ስለ ራሱ ችሎታ ይናገራል፤ በመጨረሻም ለተወዳሹ ዕድሜና ድል ለምኖ ይዘጋል። ይህ መልክ በሚገባ የተሰፋ ልብስ ስለሆነ ብዙዎች ለብሰውት ሁሉም ተመሳስለዋል።

በነፍዒ እጅ ግን ልብሱ ሌላ ሆነ። ቃላትን የሚመርጠው በትርጉማቸው ብቻ ሳይሆን በድምፃቸው ጭምር ነበር። ጦርነትን ሲገልጽ ተነባቢዎቹ እንደ ሰይፍ ይጋጫሉ፤ ስለ ፈረሶች ሲናገር ምቱ ኮቴ ይሆናል። የሱልጣን ሙራድን ፈረሶች በየስማቸው እየጠራ ያሞገሰበት ቀሲዳ በዚህ ረገድ ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ ነው። ማጋነን በዘመኑ ጌጥ እንጂ ነውር አልነበረም፤ ነፍዒም ከፋርሶቹ ሊቃውንት ከአንወሪና ከሺራዙ ዑርፊ የተማረውን ማጋነን እስከ ጫፉ ወሰደው። በእርሱ ግጥም ውስጥ ሱልጣኑ ሲጋልብ ሰማይና ምድር አብረውት ይንቀሳቀሳሉ።

ከሁሉ በላይ የለየው ግን ራሱን ማወደሱ ነው። ሌሎች ባለቅኔዎች በቀሲዳው መጨረሻ አካባቢ በጥቂት ስንኞች ስለ ችሎታቸው ተናግረው ያልፋሉ። ነፍዒ ይህን ክፍል አሰፋው፤ አንዳንዴም ሥርዓቱን ገልብጦ ከግጥሙ መግቢያ ላይ አኖረው። ነቢዩ ሙሐመድን ለማወደስ በጻፈው ግጥም እንኳ የጀመረው ስለ ገዛ ቃሉ ኃይል በመናገር ነው። የሚያወድሰው ወዚር በዚህ ዓለም ላይ የሚቆየው በግጥሙ አማካይነት መሆኑን በተዘዋዋሪ ያስታውሰዋል። ሹሙ ለባለቅኔው ወርቅ ይሰጣል፤ ባለቅኔው ለሹሙ ስም ይሰጣል። ከሁለቱ የትኛው ስጦታ እንደሚበልጥ ነፍዒ ጥርጥር አልነበረውም።

ለውዳሴ የሚከፈለው ሽልማት ጃኢዛ ይባል ነበር። ገንዘብ፣ የክብር ልብስ፣ አንዳንዴም ሹመት ሊሆን ይችላል። ይህ ሥርዓት ባለቅኔውን በቤተ መንግሥት ነፋስ ላይ የተንጠለጠለ ያደርገዋል። ነፍዒ በኖረበት ዘመን ደግሞ ነፋሱ ብርቱ ነበር። ከ1617 እስከ 1623 ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ብቻ ዙፋኑ አራት ጊዜ ባለቤት ቀይሯል። ወጣቱ ሱልጣን ዑስማን ዳግማዊ በ1622 በገዛ ወታደሮቹ ዓመፅ ተይዞ ተገደለ። ወዚሮችም በየጊዜው ይሻሩ፣ ይገደሉ ነበር። ትናንት እንደ ፀሐይ የተወደሰ ሰው ዛሬ ንብረቱ ይወረሳል፤ ባለቅኔውም ለአዲሱ ሹም አዲስ ቀሲዳ ያዘጋጃል።

እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ውዳሴ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ስላቁ ግን የነፍዒ የግሉ ነበር፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለበትም። ዐረቦች ሂጃእ፣ ቱርኮች ሂጂቭ በሚሉት በዚህ ዘርፍ የጻፋቸው ግጥሞች ሲሃሙ ቀዷእ በተባለ መድበል ተሰብስበዋል፤ የዕጣ ፈንታ ቀስቶች ማለት ነው። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ቀስቶቹ ከላይ እስከ ታች ማንንም አልማሩም። ሁለት ጊዜ በጠላትነት የተፋጠጠው ታላቁ ወዚር ጉርጂ መሕመድ ፓሻ፣ የገንዘብ ሹሙ ኤክመክቺዛዴ አሕመድ ፓሻ፣ ሌሎችም ወዚሮች ተወግተዋል። ከብዕር ባልደረቦቹም እንደ ቨይሲ፣ ነውዒዛዴ ዓጣኢና ቃፍዛዴ ፋኢዚ ያሉ የዘመኑ ታላላቅ ስሞች አላመለጡም። እነርሱም ዝም አላሉም፤ በዚያው መሣሪያ መልሰው ወጉት።

ስለነዚህ ግጥሞች በእውነት መናገር ያስፈልጋል። ሁሉም የሕዝብን በደል ለማጋለጥ የተጻፉ አይደሉም። ጉቦን፣ ድንቁርናንና ያለ ችሎታ መሾምን የሚነቅፉ አሉ። ነገር ግን የሰውን ትውልድ፣ መልክና ቤተሰብ እያነሱ በጸያፍ ቃል የሚያዋርዱም በብዛት ይገኛሉ። አንዳንዶቹን ዛሬ በአደባባይ ማንበብ ያሳፍራል። በቀሲዳው ሰማይ የሚነካው ያው ሰው በስላቁ ጭቃ ውስጥ ይወርዳል።

ጨዋታው ሲረቅ ግን የቃል ጥበቡ ያስደንቃል። ከሁሉ የታወቀው ጣሂር ከተባለ ሰው ጋር በተያያዘ የሚነገረው ነው። ሰውየው ነፍዒን ውሻ ብሎ እንደሰደበው ይተረካል። ጣሂር የሚለው ስም በዐረብኛ ንጹሕ ማለት ነው፤ በማሊኪ መዝሀብ ደግሞ ውሻ በራሱ ርኩስ አይደለም፣ ጣሂር ነው። ነፍዒ የመዝሀቡን ፍርድና የሰውየውን ስም በአንድ ቃል ላይ አገናኝቶ ስድቡን ለላኪው መለሰለት። የሰምና ወርቅ ቅኔ እየሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ዓይነቱን ጨዋታ ለማጣጣም አስተርጓሚ አያሻውም፤ ሰሙ የሃይማኖት ሕግ፣ ወርቁ ስድብ ነው።

ውዳሴንና ስላቅን በአንድ አፍ መያዝ ነፍዒ የፈጠረው ነገር አይደለም። ቀሲዳውን ካወረሱት ዐረቦች የመጣ ነው። በእስልምና መጀመሪያ ዘመን የኖረው ሁጠይኣ እናቱን ሳይቀር በግጥም ሰድቧል፤ ኸሊፋ ዑመር በዘለፋው ምክንያት አሰረው፤ ሲፈታውም የሰዎችን ክብር ከምላሱ ለማዳን ገንዘብ እንደከፈለው ይተረካል። ታላቁ ሙተነቢ የግብፁን ገዥ ካፉርን አወደሰ፤ የተመኘውን ሹመት ሲያጣ ደግሞ በቆዳ ቀለሙና ከባርነት በመነሣቱ ዘለፈው። በ965 ሙተነቢ በመንገድ ላይ የተገደለውም በሌላ ሰው ላይ በጻፈው ዘለፋ ምክንያት ነው ይባላል። ነፍዒ እነዚህን ታሪኮች ያውቅ ነበር። ቀስት የሚወረውር ሰው ቀስት ሊመለስበት እንደሚችል አልተሰወረበትም።

ሙራድ አራተኛ በ1623 ሲነግሥ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ አገሪቱን የመሩት እናቱ ኮሰም ሱልጣንና ወዚሮቹ ናቸው። በ1632 ዓመፀኛ ወታደሮች ቤተ መንግሥቱን ከበው ሹማምንቱን ሲያስገድሉ ካየ በኋላ ሥልጣኑን ሙሉ በሙሉ በእጁ አደረገ፤ ከዚያም በብረት እጅ ገዛ። የቡና ቤቶችን ዘጋ፣ ትምባሆን ከለከለ፣ ትእዛዙን የጣሱትን ገደለ። ይኸው ሱልጣን ግጥም ይወድ ነበር፤ ራሱም ይጽፍ ነበር። ነፍዒን ወደ ግብዣው ይጠራዋል፤ ቀሲዳዎቹን ያደምጣል፤ የስላቅ ግጥሞቹንም እያነበበ ይስቃል። ባለቅኔው ከፍተኛውን ሞገስ ያገኘው በዚህ ሱልጣን ዘመን ነው።

በ1630 የሆነው ግን ዕድሉን ለወጠው። የታሪክ ጸሐፊው ነዒማ እንደሚተርከው ሱልጣኑ በበሺክታሽ በሚገኘው ቤተ መንግሥቱ ተቀምጦ ሲሃሙ ቀዷእን እያነበበ ሳለ በአጠገቡ መብረቅ ወደቀ። ሙራድ ነገሩን የሰማይ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ወሰደው፤ መጽሐፉን ቀዳደደ፤ ነፍዒንም ከሥራው አባረረው። ባለቅኔው ወደ ኤዲርኔ ተልኮ የሙራዲየ ወቅፍ አስተዳዳሪ ሆነ። ከዋና ከተማዋ ለራቀ ሰው ይህ ሹመት የለዘበ ግዞት ነበር። ጠላቶቹም በደስታ ስለ ውድቀቱ ግጥም ገጠሙ። ነፍዒ ከእንግዲህ ማንንም ላይዘልፍ ቃል ገብቶ የይቅርታ ቀሲዳዎችን ላከ፤ ሱልጣኑም ናፍቆት ኖሮ መለሰው።

ቃሉን ግን አልጠበቀም። በወዚሩ በባይራም ፓሻ ላይ የስላቅ ግጥም ጻፈ። ባይራም ፓሻ ተራ ሹም አልነበረም፤ የሱልጣኑን እህት ኻንዛዴ ሱልጣንን ያገባ ሲሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላም ታላቅ ወዚር ሆኗል። አንዳንድ ተራኪዎች ግጥሙን እንዲጽፍ የገፋፋው ራሱ ሙራድ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ፓሻው ስሞታውን ለሱልጣኑ አቀረበ፤ ሱልጣኑም የሚወደውን ባለቅኔ አሳልፎ ሰጠው። ነፍዒ በጃንዋሪ 27 ቀን 1635 በቤተ መንግሥቱ የእንጨት ማከማቻ ውስጥ በገመድ ታንቆ ተገደለ፤ አስከሬኑም ወደ ባሕር ተጣለ። ዕድሜው ከ60 ዓመት ጥቂት ያለፈ ነበር።

ስለ መጨረሻ ሰዓቱ በቱርክ ሕዝብ ዘንድ ሲነገር የኖረ አንድ አፈ ታሪክ አለ። የሐረሙ ጃንደረቦች አለቃ ለነፍዒ አዝኖ ለሱልጣኑ የምሕረት ደብዳቤ ሊጽፍለት ተቀመጠ። በመጻፍ ላይ እያለ ከብዕሩ የቀለም ጠብታ በወረቀቱ ላይ ወደቀ። ነፍዒ ምላሱን መግታት አቅቶት ጠብታውን ከጥቁሩ አለቃ ላብ ጋር አመሳስሎ ቀለደ። አለቃውም ተቆጥቶ ደብዳቤውን ቀደደ፤ ባለቅኔውን ለገዳዮቹ ተወው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ነፍዒ ከሕይወቱ ይልቅ ቀልዱን መውደዱን ለማሳየት ነው።

ከአፍሪካ ቀንድ ለመጣ አንባቢ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላ ሰው ይታየዋል፤ ብዕሩን የያዘው ሰው። በኦቶማን ሐረም የጃንደረቦች አለቃ የነበሩት በብዛት በልጅነታቸው ከሐበሻ ምድርና ከአካባቢው ተይዘው፣ ተሰልበውና ተሸጠው የመጡ ናቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሹመቱን ታላቅ ሥልጣን ያደረገው ሐበሺ መሕመድ አጋ ስሙ ራሱ አገሩን ይናገራል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እነዚህ አለቆች የመካና የመዲና ወቅፎችን ገቢ ይቆጣጠሩ ነበር፤ ሱልጣኑ ዘንድ ያለ ከልካይ ከሚገቡት ጥቂቶች መካከልም ነበሩ። በአፈ ታሪኩ ውስጥ ሱልጣኑ፣ ወዚሩና የባለቅኔው ወዳጆች ሁሉ ዝም ሲሉ ለተፈረደበት ሰው ምሕረት የለመነው ይህ ከወላጆቹ የተነጠቀ ሰው ነው። የተከፈለው ዋጋ ደግሞ ሙተነቢ ካፉርን የወጋበት ያው አሮጌ ቀስት ሆነ። ታሪኩ በእርግጥ ላይሆን ይችላል። ያም ሆኖ ስላቅ በኃያላን ላይ ሲነጣጠር ድፍረት፣ በሰው አፈጣጠር ላይ ሲነጣጠር ግን ጭካኔ መሆኑን ከብዙ ትንታኔ የበለጠ ያሳያል።

ነፍዒን የገደለው አንድ ግጥም ብቻ ነበር ለማለት ያስቸግራል። እርሱ ከመሞቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1634፣ ሙራድ ሸይኹል ኢስላሙን አኺዛዴ ሑሰይንን አስገድሏል፤ በኦቶማን ታሪክ ሸይኹል ኢስላም ሲገደል ያ የመጀመሪያው ነበር። ታላቁ የሃይማኖት መሪ ባልተማረበት ዘመን ባለቅኔ ሊማር አይችልም ነበር። ነፍዒ የረሳው ምናልባት ይህን ነው። ሱልጣኑ በስላቁ ሲስቅ ባለቅኔው ሳቁን እንደ ዋስትና ቆጠረው። ሳቁ ግን የጌታው ነበር፤ ሲፈልግ ይስቃል፣ ሲፈልግ ይተወዋል።

ከሞቱ በኋላ ዝናው እየገነነ ሄደ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ ነዲም በቀሲዳ ዘርፍ ቀዳሚነቱን መስክሮለታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነጻነት ባለቅኔ የተባለው ናሚቅ ከማል የነፍዒን የገዘፈ ድምፅ ወደደው፤ ሱልጣንን ለማወደስ የተሠራውን ያን ድምፅ አገርንና ነጻነትን ለማወደስ ተጠቀመበት። እስከ ዛሬም በቱርክ ትምህርት ቤቶች ቀሲዳ ሲነሣ የመጀመሪያው የሚጠራው የእርሱ ስም ነው።

ያወደሳቸው ወዚሮች አብዛኞቹ ዛሬ የሚታወቁት በእርሱ ቀሲዳ ውስጥ በመግባታቸው ነው፤ የዘለፋቸውም እንዲሁ። ባይራም ፓሻ በኢስታንቡል ያማረ መቃብርና መድረሳ ትቷል። ነፍዒ መቃብር የለውም፤ አስከሬኑ በባሕር ቀርቷል። ሁለቱ ዲዋኖቹና ሱልጣኑ የቀደደው መጽሐፍ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ዘመናትን ተሻግረው ደርሰዋል።